የበሬው ዘፈን የማን ነው

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ክረምቱ አልቆ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤቴ ልመለስ ከሾፌሩ ኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ጠራና «ደብተሩን ይዘህ ውረድ» አለኝ። ዕቃህን አላለም፤ ደብተሩን ነው ያለው። ወረድኩ። ሻንጣዬ እናቴ ከቋጠረችልኝ ቅቤ ጋር አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ ሆሳዕና ቀረሁ።

«አባትህን እናከብራለን፤ አታስቸግረን» አለኝ ፖሊሱ በመንገድ ላይ። አላስቸገርኩም። እንዲያውም ሰው እንዳያየኝ ብዬ ከእነሱ ፈጥኜ ነበር የምራመደው።

ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ከአጥሩ ውጭ ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም። ክፍሉ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚሉት ደግሞ ከጣሪያው ሥር ያለች ጭንቅላት የማታስወጣ ቀዳዳ ነበር። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፦ የሽንት ጣሳ፣ እርጥብ ጋቢና አንድ ሰው ይዞት የገባ ቆጮ ባንድነት። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሰው ከሰው አይደማመጥም። በድንበር ጠብ ሰው ፈንክተው የገቡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩበት። በማግሥቱ በዋስ ወጡና ብቻዬን ቀረሁ።

ስለ ደብተሩ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ የመጣ ነውና።

በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበሩ። ዓርብ ዓርብ መጋረጃውን ዘግተው ሸክላ ያሰሙናል። እኛ እስከዚያ ድረስ የምናውቀው የፈረንጅ ሙዚቃ የጦር ሠራዊቱን ማርሽና የሚሲዮኖቹን መዝሙር ነበር። እሳቸው ያሰሙን ሌላ ነው። አንድ ፈረንሳዊ ነበረ፤ ዜማው ጀምሮ የማይጨርስ፣ ክረምት ጠዋት ከተማችንን እንደሚሸፍናት ጉም ዝም ብሎ የሚተኛ። አንድ ሩሲያዊ ነበረ፤ ሥራው ፓሪስ ላይ መጀመሪያ የቀረበ ዕለት ታዳሚው ቲያትር ቤቱ ውስጥ ተደባደበ ይባላል። አንድ የቪየና ሰው ነበረ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት አንዱ ድምፅ ጌታ፣ ሌሎቹ ሎሌ ሆነው የኖሩበትን ሥርዓት አፍርሶ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ እኩል ያደረገ። ይህኛውን ስንሰማ ግማሹ ክፍል ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ሲመላለስ ከረመ።

ልቤን የወሰደው ግን አንድ የሃንጋሪ ሰው ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ የድምፅ መቅጃ ተሸክሞ በየገበሬው ቤት እየዞረ የአገሩን ዘፈን ለቅሟል። ከለቀመም በኋላ እንዳለ አልተወውም፤ የራሱን አዲስ ሙዚቃ ሠራበት። መምህራችን የለቀመበትን መንገድ በሰሌዳው ላይ ጻፉልን፦ ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር የዘፋኙ ስም፣ ዕድሜና መንደር ይመዘገባል። «ስም የሌለው ዘፈን ሌባ የያዘው ዕቃ ነው» አሉን። እኔም በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእነዚያን የፈረንጆች ስም በትልልቁ ጽፌ፣ የቀረውን ገጽ ለአገሬ ሰዎች ትቼ ለክረምት ወደ ቤቴ መጣሁ።

አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሰሜን በወጣትነቱ መጥቶ በብዕሩ ያደገ ሰው ነው። ከጊምቢቹ ወዲያ በስጦታ ያገኘው መሬት ነበረው፣ በመሬቱም ላይ ጭሰኞች። ሌላ መንደር ሄጄ ዝፈኑልኝ ብል ማን ጉዳዬ ይለኛል? እዚያ ግን የጌታው ልጅ ነኝ፤ እምቢ አይሉኝም። ይህን ያኔ እንደ ዕድል ነው የቆጠርኩት። አርሰው ደክመው ሲመለሱ ዛፍ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ፣ በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው «ዝፈን፣ ድገመው፣ አሁን ቀስ ብለህ» እለዋለሁ። ከሥር ስሙን እጽፋለሁ። ሀዲይኛ የማውቀው ለገበያ የሚበቃኝን ያህል ነው፤ ስለዚህ ቃሉን አልጻፍኩም። ቃሉን አልፈለግሁትም ብል ይቀላል። ዜማው ላይ ነበር ዓይኔ።

አገሩ በዚያ ዓመት ተረብሾ ነበር። ተማሪው መሬት ለአራሹ ማለት ጀምሯል። ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ የጭሰኛ ስምና መንደር እየመዘገበ ሲዞር ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን የሙዚቃ ሰው ስለነበርኩ አላሰብኩትም።

በሁለተኛው ቀን መቶ አለቃው አስጠራኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ከጎኑ ዜማ የምመዝንበት ባለ ሁለት ጣት ብረት ተቀምጧል። ብረቱን አንስቶ ጠረጴዛውን መታበትና ጆሮው ላይ አደረገው። ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከራሱ አራቀው።

«ይሄ የመጀመሪያው ማን ነው?» አለኝ ገጹን እያሳየኝ።

«የሙዚቃ ደራሲ ነው ጌታዬ። ፈረንሳዊ።»

«የት ይገኛል?»

«ሞቷል።»

«ይሄኛውስ?»

«የቪየና ሰው ነው። ሞቷል።»

«ሃንጋሪውስ?»

«እሱም ሞቷል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አንተ ልጅ፣ የምትጠራልኝ ሁሉ ሬሳ ነው። በሕይወት ያለ የለም?»

«አንድ አለ። ሩሲያዊው።»

ብዕሩን መልሶ አነሳ። «የት ነው ያለው?»

«አሜሪካ።»

«ሩሲያዊ አሜሪካ ምን ይሠራል?»

«ሙዚቃ።»

ከዚያ ገጹን ገልጦ የራሴን ጽሕፈት አነበበልኝ። ስለ ቪየናው ሰው የጻፍኩት ነው። «ጌታ የሚባል ድምፅ ቀርቷል። ሁሉም እኩል ነው።» ይህ ስለ ሙዚቃ መሆኑን አስረዳሁት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩለት። እሱ ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረ፤ ከላይ የፈረንጆቹን ስም፣ ከታች የጭሰኞቹን ስም፣ መካከል ላይ እኔን አደረገና ከላይ ወደ ታች ቀስት ሳለ። «የላይኞቹ ያዛሉ፣ አንተ ታደርሳለህ፣ የታችኞቹ ይፈጽማሉ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃ የጻፉ ብዙ ሊቃውንትን አንብቤያለሁ። የእኔን ትምህርት እንደ መቶ አለቃው በአንድ ሥዕል ያስቀመጠ አላገኘሁም።

አልመቱኝም። የጸሐፊ ልጅ አይመታም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሉ በር ተከፈተና አንድ ሰው ገፍተው አስገቡ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ አጠር ያለ፣ ደረተ ሰፊ ገበሬ ነው። ግራ እግሩን ሙሉ በሙሉ መሬት አያስነካም። ብርሃኑን እስኪለምደው ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ወዲያው ነው ያወቅሁት። በደብተሬ ውስጥ ስሙ ሰባት ጊዜ ተጽፏል፤ ከማንም ይበልጣል። ድምፁ ጥሩ ስለነበረ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎንም አመጡዎት?» አልኩት።

ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። «አሁን ነው እርስዎ የምባለው?» አለኝ።

ፊቴ ጋለ። ሲመሽ ከቤቴ ፍትፍት መጣልኝ። አጠገቡ አስቀምጬ «ይብሉ» አልኩት።

«የአባትህ ቤት ነው?»

«ነው።»

«አልራበኝም።»

የራሱን ቆጮ ከጉያው አውጥቶ ቆረሰ። ለእኔም ቆረሰልኝ። እኔ ራበኝም አላልኩ፣ አልራበኝምም አላልኩ፤ ተቀብዬ በላሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጥቂት መነጋገር የጀመርነው።

«እኔ ቤቴ ነበርኩ» አለ። አማርኛው አጭር አጭር ነው፤ ቃሉን መዝኖ እንደሚያወጣ ሰው ይናገራል። «ማንንም አልነካሁም። ስሜን አንተ ጻፍክ። ፖሊስ ስሜን አነበበ። ከነመንደሬ።»

«ለክፉ አልነበረም። ሙዚቃ ሲሰበሰብ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«ማን ያደርጋል?»

ስለ ሃንጋሪው ነገርኩት። በእግሩ እየዞረ፣ ገበሬ ቤት እያደረ፣ ዘፈን ሲለቅም እንደኖረ ነገርኩት። ነገሩን ሳነሳ የት እንዳለሁ ረሳሁና ድምፄ ከፍ አለ። ስለ ፈረንሳዊው፣ ስለ ቪየናው፣ ስለ ሩሲያዊውም አወራሁለት። እሱ ጉልበቱን አቅፎ ያዳምጠኛል። የቪየናውን ስነግረው «ሁሉም እኩል ከሆነ ማን ያወጣል፣ ማን ይቀበላል?» አለኝ። ይህን ጥያቄ መምህሬም ቢሆኑ በቀላሉ የሚመልሱት አይመስለኝም።

«ያ ሃንጋሪ» አለ ቀጥሎ፣ «የሚዘፍኑለትን ገበሬዎች አሳሰራቸው?»

«ኧረ አላሳሰረም።»

«ታዲያ አንተ ይሄን ከማን ተማርክ?»

እየሳቀ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሳቀም።

«ቃሉንስ ይጽፍ ነበር?»

«ይጽፍ ነበር» አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት። ሃንጋሪው ቃሉንም አንድ በአንድ ይጽፍ ነበር። መምህሬም ነግረውናል። እኔ ነኝ የታከተኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እሱ ራሱ ነገሩን መልሶ አነሳው። «ሰባተኛውን ለምን ዘጠኝ ጊዜ አስደገምከኝ?»

ነገርኩት። በዚያ ዘፈን ውስጥ አንድ ቦታ ድምፁ ይነሳና በፒያኖው ሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። ወረቀት ላይ የሚጻፍበት ምልክት አጥቼ ነው ያስደገምኩት። እንዲህ ያለ ድምፅ የአውሮፓ ሊቃውንት በመብራት የሚፈልጉት ነው። ለቫዮሊንና ለቼሎ የምጽፈውን የመጀመሪያ ሥራዬን በዚያች ድምፅ ልጀምር አስቤ ነበር፤ በዚያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ሁሉ ነገርኩት።

«እሱ ዘፈን አይደለም» አለ። «በሬ ስጠራ ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። ሚስቱ ሞታ ቀብር ላይ ስለነበረ ለጌታው ሥራ ሦስት ቀን ሳይወጣ ቀረ። መሬቱን የሚጠብቀው ምስለኔ መጣና ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ፈትቶ ወሰደ።

«በሬው የአባትህን ማሳ ያርሳል» አለኝ። «እኔ በዚያ ሳልፍ እጠራዋለሁ። ድምፄን ያውቃል። ይቆማል። ሲቆም ይመቱታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጥራት ተውኩ። ዘፈን አደረግሁት።»

ዝናቡ ጀመረና ቆርቆሮው መጮህ ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ መልስ ከመስጠት አዳነኝ። ዘጠኝ ጊዜ ያንን ነገር ከጉሮሮው አስወጥቼ፣ እያንዳንዷን ጊዜ በእርሳስ ስሰፍራት ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ግን ጠየቅሁት።

«አባቴ ይህን ያውቃል?»

«አባትህ ወረቀት ያውቃል» አለኝ።

አባቴ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ። በጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ጃንጥላውን እንደተመረኮዘ አነጋገረኝ። ከስቷል። ሦስት ቀን ሙሉ በየሹማምንቱ ደጅ ሲጠና እንደቆየ ታውቆኛል፤ እወደው ነበር፣ አሁንም ይህን መካድ አልችልም።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለኝ። «ዘፈን ልልቀም ብለህ ቤት ልታፈርስ? ስማኝ፤ ነገ ቃል ትሰጣለህ። ቋንቋውን እንደማታውቅ፣ ዜማውን ብቻ እንደጻፍክ፣ ቃሉን ያወጣው አብሮህ የታሰረው ጭሰኛ መሆኑን ትናገራለህ። ምስለኔው ቃሉ ስድብ ነው ብሎ መስክሯል። እውነት አይደለም እንዴ? ቃሉን የምታውቀው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ እውነቱን ተናገር።»

እውነት በሰው ላይ እንደዚያ ስትመች አይቼ አላውቅም። «በሬውስ?» አልኩት።

«የቱ በሬ?»

ፊቱን አየሁት። እየሸሸገኝ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ አያስታውሰውም። ነገሩ በእሱ ስም ተደርጓል፣ በሬው በእሱ ማሳ ያርሳል፣ እሱ ግን የቱ በሬ እንደሆነ አያውቅም። እኔም ከእሱ የማልሻል መሆኔን እያወቅሁ ተናደድኩበት።

«ዝም አይነቅዝም» አለኝ ሲሄድ። «ከተጠየቅኸው ሌላ አትጨምር።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ቆርጬ ነበር። ሰውየውን ላድነው ነው። ነገ ዘፈኑ የራሴ ድርሰት ነው እላለሁ፤ ዜማውንም ቃሉንም እኔ አወጣሁት፣ የጭሰኞቹን ስም ከራሴ ነው የጻፍኩት እላለሁ። የጸሐፊ ልጅ ቢበዛ ከትምህርት ቤት ይባረራል፣ ጭሰኛ ግን ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ይህንኑ ነገርኩት። ምርቃት ነበር የጠበቅሁት መሰለኝ።

ከዚያ «በሬውን አባትህ ወሰደ» አለ። «ዘፈኑን አንተ ልትወስድ ነው?»

«ላድንዎት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ጥሩ ልጅ ትሆናለህ። እኔ ቤቴ እሄዳለሁ። ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

«ነጻ ሆነው ይሄዳሉ።»

«ነጻ» አለ ቃሉን እንደ አዲስ ነገር። ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለታችንንም ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ወሰዱን። ቃል የሚጽፈው ጸሐፊ ታሟል ተብሎ በቦታው አባቴ ተቀምጧል። አለመታመሙን እኔም አውቃለሁ፣ መቶ አለቃውም ያውቃል። ከጎኑ የአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ቆሟል፤ ኮት የለበሰ፣ የአካባቢው ተወላጅ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም የማያደርግ ሰው።

«ዘፈኑ የማን ነው?» አለ መቶ አለቃው።

«የእኔ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የደረስኩት። ስሞቹንም ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

የአባቴ ብዕር ቆመ። ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየም። መቶ አለቃው ወደ አስተርጓሚው ዞረና «እሱን ጠይቀው» አለ።

ሰውየው አማርኛ እንደሚችል አውቃለሁ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ግን አንድ ቃል አማርኛ ከአፉ አልወጣም። በቋንቋው ተናገረ፣ አስተርጓሚው አቀበለ።

«‹ልጁ ዋሽቷል› ይላል ጌታዬ። ‹ዘፈኑ የእኔ ነው፤ ከፈለጋችሁ ልዝፈነው› ይላል።»

«ይዝፈነው።»

ተደግፎት የነበረውን ግድግዳ ለቀቀ። ግራ እግሩን መሬት ላይ ተከለ፤ እንዳመመው የአንገቱ ሥር ሲወጠር ታይቷል። ነጠላውን አስተካከለ። ከዚያ ዘፈነው። ዛፍ ሥር ሲዘፍንልኝ እንደነበረው አልነበረም፤ ያኔ ለታዘዘበት ያህል ነበር የዘፈነልኝ። በር ላይ ያለው ዘብ አንገቱን አስገብቶ አየ። አስተርጓሚው በየመስመሩ፣ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው፣ ይተረጉም ጀመር።

«‹በሬዬ በሰው ማሳ ያርሳል› ይላል።

«‹ጅራፉ እሱ ላይ ሲያርፍ እኔ ቤት ይሰማል› ይላል።»

ከዚያ ያቺ ድምፅ መጣች። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው የግርማዊነታቸው ሥዕል መስታወት ነዘረ።

«ይሄኛውስ?» አለ መቶ አለቃው።

«ለበሬ ነው ጌታዬ። ትርጉም የለውም» አለ አስተርጓሚው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ትንሽ ተያዘ።

«‹መሬቱ የጌታህ ነው አሉኝ፣ እሺ አልኩ። አንተም የጌታህ ነህ አሉኝ፣ እሺ አልኩ› ይላል።

«‹ጌታዬ ሆይ፣ በሬው ድምፄን ያውቃል፤ አንተ ግን ስሜንም አታውቅ› ይላል።»

አለቀ። አባቴ እየጻፈ ነበር። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው፤ የሚነገረውን ሁሉ ይጽፋል፣ እጁ ለጆሮው ነው የሚታዘዘው። መቶ አለቃው ነገሩን በቶሎ ሊጨርሰው ፈለገ መሰለኝ፣ «ጌታዬ የሚለው ማንን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው ጠረጴዛው ወዳለበት አየ። ጣቱን አልቀሰረም። ድምፁንም አላነሳም።

«‹እየጻፈ ነው› ይላል» አለ አስተርጓሚው።

አባቴ ይህንንም ጻፈው። ከጻፈው በኋላ ነው የገባው። ብዕሩን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ መቶ አለቃው ጉሮሮውን ጠራርጎ ለእኔ የተዘጋጀውን ወረቀት ገፋልኝ። ቋንቋውን እንደማላውቅ፣ ዜማውን ብቻ እንደጻፍኩ፣ ቃሉን ያወጣው ሌላ ሰው መሆኑን ይናገራል። ሁሉም እውነት ነበር። አሁን ደግሞ ባለቤቱ በራሱ አፍ መስክሮበታል፤ ጀግና ለመሆን የሚያበቃ ምክንያት አልቀረልኝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። ፈረምኩ።

ከበሩ ስወጣ አጠገቡ አለፍኩ። ቆምኩ። እሱ ነው የተናገረው።

«ደብተሩን ሰጡህ?» አለኝ በአማርኛ።

«አልሰጡኝም።»

«ይሻላል» አለ።

ለምሳ ቤቴ ነበርኩ። እናቴ እልል አለች። በእሱ ላይ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። በሬው እንዲመለስለት አባቴን ለመንኩት፤ ነገሩ እስኪበርድ ታገስ አለኝ፤ ሳይበርድ በሬው አረጀ። አባቴና እኔ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቀን እንኳ አንስተን አናውቅም። ሲሞት ሰነዶቹን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት የጻፈውን ወረቀት ፈለግሁት፣ የለም። የዘፈኑ ቃል በዚህ ዓለም ላይ ተጽፎ የነበረው እዚያ ላይ ብቻ ነበር፣ ያውም በአማርኛ፣ ያውም በአባቴ እጅ።

ለቫዮሊንና ለቼሎ ልጽፍ ያሰብኩትን ሥራ አልጻፍኩትም። ወረቀት ዘርግቼ የተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ዕድሜዬን በማስተማር አሳለፍኩ። ስለ ፈረንሳዊውም፣ ስለ ቪየናውም፣ ስለ ሩሲያዊውም አስተምሬያለሁ። ሃንጋሪው ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ «ጋሼ ዛሬ ደግሞ ተቆጡ» ይሉ ነበር። ቃሉን ጻፉ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት፣ እምቢ የማለት አቅም አለው ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ እያልኩ እጮህባቸው ስለነበረ ነው። ምን እንዳስቆጣኝ ነግሬያቸው አላውቅም።

መንግሥቱ ወድቆ፣ መሬቱም ለአራሹ ከተሰጠ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያ መንደር ሄድኩ። ሰውየው ሞቷል። ሴት ልጁን አገኘኋት፤ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። አላባረረችኝም፣ ወንበር አወጣችልኝ። ዘፈኑን ጠየቅኋት።

«የቱን ዘፈን?» አለችኝ።

ከእስር ቤት ከተመለሰ በኋላ አልዘፈነውም አለች። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁት። እኔ ግን ዜማውን ዘጠኝ ጊዜ አስደግሜው ነበርና አንዲት ቦታ አልጠፋችኝም። አፌን ዘግቼ፣ ያለ ቃል እያንጎራጎርኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወጣሁላት። ልጆቿ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ምን ይላል?»

የአስተርጓሚውን ቃል እንደማስታውሰው በአማርኛ ነገርኳት። እየሰማች ዓይኗ ሞላ። ከዚያ በራሷ ቋንቋ መልሳ በዜማው ልታስኬደው ሞከረች። አንዱ መስመር ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። አባቷ የመረጣቸው ቃላት ሌሎች ነበሩ፤ የትኞቹ እንደነበሩ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። እንደገና ሞከረች። አልሄደም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እንግዲህ እኛ አናውቀውም» አለችኝ በደግነት። «ለእርስዎ ይሁን ጋሼ።»

አመስግኜ ተነሳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈኑ የእኔ ነው።